ጡረታ መውጣትና ጤና፦ ሃምሳ ዓመት ላለፋቸው የድሬዳዋ ሠራተኞች

«ሥራ ላይ ሳለ ደህና ነበር፤ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አልጋ ያዘ» የሚለውን ወሬ ከከዚራ እስከ ሳቢያን ያልሰማ ሰው አይገኝም። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው ሥራ ማቆም ይገድላል ብሎ ይደመድማል። ሌላው ደግሞ ወገቡ እያመመው፣ ጆሮው እየጮኸበት «60 ይሙላልኝ እንጂ ሁሉም ይስተካከላል» እያለ ቀን ይቆጥራል። ሁለቱም እውነትነት አላቸው፤ ለሁሉም ሰው ግን አይሠሩም። ልዩነቱን የሚያመጡት ሰውየው ሲሠራ የኖረው ሥራ፣ የወጣው በፈቃዱ መሆን አለመሆኑ፣ እንዲሁም ከደመወዙ ጋር አብሮ የሚቋረጠው ነገር ናቸው።

ታሞ የወጣና ወጥቶ የታመመ

ጡረተኞችንና ገና ሥራ ላይ ያሉ እኩዮቻቸውን ብናወዳድር ጡረተኞቹ ይበልጥ ታማሚ ሆነው ይታያሉ። ይህ ግን ጡረታው አሳመማቸው ማለት አይደለም። ቀድሞ የሚወጣው ጉልበቱ የከዳው፣ ትንፋሹ ያጠረው፣ ዓይኑ የደከመው ሰው ነው። ጤነኛው ይቆያል፤ አንዳንዴም 60 ከሞላው በኋላ በኮንትራት ያቆዩታል። ሌላም ምክንያት አለ። ደም ግፊትና ስኳር ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ ሊቆዩ ይችላሉ። ሥራ ላይ ሳለ ለመመርመር ጊዜ ያላገኘው ሰው ጡረታ ወጥቶ ሲለካ ግፊቱ 180 በ110 ሆኖ ይገኛል። በሽታው የከረመ ነው፤ አዲስ የሆነው መታወቁ ብቻ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ግራ መጋባት የሚያልፉት ያንኑ ሰው ከጡረታ በፊትም በኋላም ዓመት በዓመት በመከታተል ነው። ጋዜል የሚባለው የፈረንሳይ ጥናት ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ 20 ሺህ ያህል የመብራትና የጋዝ ድርጅት ሠራተኞችን ተከታትሏል። ሊወጡ አንድ ዓመት ሲቀራቸው «ጤናዬ ጥሩ አይደለም» ያሉት 19 ከመቶ ገደማ ነበሩ፤ በወጡ በዓመቱ ቁጥሩ ወደ 14 ከመቶ ወረደ። እንቅልፋቸው ተሻሻለ፣ ድካምና ድብርታቸው ቀነሰ። ስኳር፣ የልብና የመተንፈሻ አካላት በሽታዎች ግን ጡረታው ሳይነካቸው ከዕድሜ ጋር መጨመራቸውን ቀጠሉ። እፎይታው የበረታላቸው ሥራቸው ከባድና አስጨናቂ የነበረባቸው ናቸው፤ ሥራው ለተመቸው ሰው ለውጡ ትንሽ ነበር። አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። እነዚያ ሠራተኞች የወጡት በቂ ጡረታና የሕክምና ሽፋን ይዘው ነው። እዚህ ያለ ሰው ያንኑ ውጤት ከፈለገ እነዚያን ሁለት ነገሮች አስቀድሞ ራሱ ማሰናዳት አለበት።

ከወዲያ በኩል ያለው ማስረጃም ጠንካራ ነው። የእንግሊዝ የመንግሥት ሠራተኞችን ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ የሚከታተለው ዋይትሆል ሁለት የተባለ ጥናት፣ ቃላትን የማስታወስ ችሎታ ከጡረታ በኋላ በ38 ከመቶ ፈጥኖ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በኦስትሪያ ቀድመው ጡረታ የወጡ የጉልበት ሠራተኛ ወንዶች ያለ ዕድሜያቸው የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በኔዘርላንድ ደግሞ ቀድመው የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ወንዶች ሞታቸው ቀንሷል። በኖርዌይ ምንም ልዩነት አልታየም። እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል እንጂ አይጋጭም፤ አንዱ የሚወጣው ከአስጨናቂ ሥራ ነው፣ ሌላው ከጓደኞቹና ከየዕለት እንቅስቃሴው ነው። ስለዚህ «በ55 ልውጣ ወይስ በ60?» የሚል ሰው መልሱን የሚያገኘው ሥራው ምን እየሰጠው፣ ምንስ እየወሰደበት እንደሆነ ከመረመረ በኋላ ነው።

ሥራው ሰውነት ላይ ጥሎት የሚሄደው

ድሬዳዋ በባቡር የተቆረቆረች፣ በፋብሪካ ያደገች ከተማ ናት። ጋራዡ፣ ጨርቃ ጨርቁ፣ ስሚንቶው፣ የጭነት መኪናው፣ ጉምሩኩ፣ ጫኝና አውራጁ እያንዳንዱ የራሱን ምልክት ሰውነት ላይ ያትማል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚናቀው ጆሮ ነው። ድምፅ በቀን ለ8 ሰዓት ከ85 ዴሲቤል በላይ ሲሆን በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ጥቃቅን የመስሚያ ሕዋሳት ይገድላል፤ የሞቱት ደግሞ አይተኩም። በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጉዳት ሳይደርስ መቆየት የሚቻልበት ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። መለኪያ ከሌለ ቀላል ፈተና አለ፦ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር መጮህ ካስፈለገ ከ85 አልፏል። የሽመና ማሽን ክፍልና የብረት መቀጥቀጫ ቦታ ከዚህ ወሰን ያልፋሉ። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። ሰውየው የልጅ ልጁን ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉን ግን አይለይም። ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል፤ በሰርግና በለቅሶ ቤት ጫጫታ ውስጥ የሚባለው ስለሚያመልጠው ዝም ይላል፤ ቀስ በቀስ መሄዱንም ይተዋል። ቤተሰቡ «ጡረታ ከወጣ ወዲህ ተለወጠ» ይላል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ ሊከላከሏቸው ከሚቻሉ 14 የመርሳት በሽታ አጋላጮች አንዱ የመስማት ችግር ነው። በጫጫታ ቦታ የሠራ ሰው ከመውጣቱ በፊት የጆሮ ምርመራ ማድረግ አለበት። መስማት የሚያግዝ የጆሮ መሣሪያ ከታዘዘለትም ጊዜ ሳይሰጡ መጀመር ይሻላል፤ አእምሮ ለዓመታት ያልሰማውን ድምፅ እንደገና ለመልመድ ይቸገራል። ቤተሰብም ከጀርባ ከመጮህ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ወፈር ባለ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ ቢናገር ይሰማለታል።

የጥጥ ብናኝ የሚያስከትለው የሳንባ ሕመም መለያ አለው። ከእረፍት ቀን በኋላ ሥራ በሚገባበት የመጀመሪያ ቀን ደረት ጨምድዶ ይይዛል፣ በማግስቱ ቀለል ይላል። ጉዳቱ በዚህ ደረጃ ሳለ ከብናኙ መራቅ ያድናል። መታፈኑ ሳምንቱን ሙሉ መሆን ሲጀምር ግን የአየር ቧንቧው እየጠበበ ነው፤ ያኔ ጡረታ መውጣት ጉዳቱን ያቆመው ይሆናል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። እንዲህ ያለ ሰው 60ን መጠበቅ የለበትም፤ ዛሬውኑ ክፍል እንዲቀየርለት መጠየቅ አለበት። በድንጋይ መፍጫና በስሚንቶ ጥሬ ዕቃ ላይ ያለው ሲሊካ ደግሞ ሳንባን በጠባሳ ከማደንደኑ ሌላ ለሳንባ ነቀርሳ ያጋልጣል። ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «ጡረተኛ ነኝ» ማለት አይበቃም። የት ክፍል፣ በምን ብናኝ ውስጥ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ መናገር ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ካልነገሩት ከ20 ዓመት በፊት የነበረውን ብናኝ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«ሥራዬ ራሱ ስፖርት ነው» የሚሉ ጫኝና አውራጆች ብዙ ናቸው። ይህ አሳሳች ነው። ልብን የሚጠቅመው ለተወሰነ ጊዜ ፈጠን ብሎ ተንቀሳቅሶ ማረፍ ነው። ቀኑን ሙሉ ኩንታል መሸከም ግን ደም ግፊትን ለሰዓታት ከፍ አድርጎ ያቆያል፣ ለማገገም ጊዜ አይሰጥም፣ ጉልበትና ወገብ ላይም አንጓን ይፈጃል። በዚህ ላይ የድሬ ሙቀት አለ። በግንቦትና በሰኔ ብዙ ጊዜ 35 ዲግሪ በሚያልፍ ፀሐይ ውኃ ሳይጠጡ መሥራት ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይጎዳል። ወንበር ላይ የዋለው የቢሮ ሠራተኛና ሾፌሩም አላመለጡም፤ የእነሱ ዕዳ ስኳር፣ ውፍረትና የላላ ጡንቻ ነው።

የሥራ ሰዓትም መቆጠር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ያወጡት ትንተና እንደሚለው፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ይልቅ በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 ከመቶ፣ በልብ ደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድሉ በ17 ከመቶ ይበልጣል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሰዓት በሳምንት 48፣ ትርፍ ሰዓትን በሳምንት እስከ 12 ይፈቅዳል። ሲደመር 60 ነው። ማለት ሕጉን ያከበረ ሠራተኛም ልብን ከሚጎዳው ወሰን ያልፋል። ለልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ሲባል በ50ዎቹ ዕድሜ ትርፍ ሰዓት ላይ መረባረብ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ይገባናል። ቢያንስ ግፊቱ 140 በ90 ያለፈ ሰው ግን ያን ትርፍ ሰዓት ይተወው።

55 ወይስ 60፦ የብሩ ስሌት

ገንዘብ በጤና ማብራሪያ ውስጥ ምን አገባው የሚል ካለ፣ መድኃኒት የሚገዛው በብር ነው። በ2014 ዓ.ም. የወጡት የጡረታ አዋጆች ሁለት ናቸው፦ 1267 ለመንግሥት፣ 1268 ለግል ድርጅት ሠራተኞች። መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው። 10 ዓመት ያገለገለ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 ከመቶ ያገኛል፤ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 ከመቶ ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ሰው በፈቃዱ ለቅቆ አምስት ዓመት ሲቀረው፣ ማለትም ከ55 ጀምሮ፣ አበሉን መቀበል ይችላል።

አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። በ55 ዓመቷ፣ በ25 ዓመት አገልግሎት ብትወጣ 48.75 ከመቶ፣ 3,900 ብር ታገኛለች። በ60 ዓመቷ፣ በ30 ዓመት አገልግሎት 55 ከመቶ፣ 4,400 ብር ይሆናል። ልዩነቱ በወር 500 ብር ነው፤ በመካከል ደመወዝ ከተጨመረላት ይሰፋል። ለግፊትና ለስኳር በየወሩ መድኃኒት ለምትገዛ ሴት 500 ብር ቀላል አይደለም። ሳንባዋ በብናኝ እየተጎዳ ከሆነ ግን አምስት ዓመት መቆየት ከዚያ የበለጠ ያስከፍላታል።

ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት ሌላ ቦታ ነው። በሽታ ያደከመው ሠራተኛ «በቃኝ» ብሎ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያስገባል። ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ ለሥራው ብቁ አለመሆኑ በሕክምና ቦርድ የተረጋገጠ ሰው ግን 60 ሳይሞላው የጤና ጉድለት ጡረታ ያገኛል። በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ደግሞ እንደ ሥራ ላይ አደጋ ይቆጠራል፣ የራሱ አበልም አለው። በራስ ፈቃድ መልቀቅና በቦርድ መውጣት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም፣ ቀጥሎ የሰው ኃይል ክፍል፣ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ዕድሜም ችግር ያመጣል። የሚሠራው መጀመሪያ ሲቀጠሩ በቅጹ ላይ የሞሉት የልደት ዘመን ነው፤ በኋላ የወጣ ማስረጃ አይለውጠውም። 57 ዓመት ላይ ፋይልዎን አስወጥተው ይዩት። ከሚያስቡት ሁለት ዓመት ቀድሞ የሚወጣ ሰው ሳይዘጋጅ ይወጣል፤ ጤና ላይ ከሚከብዱት አወጣጦች አንዱም ይኸው ድንገተኛው ነው።

የመጀመሪያው ዓመት

መጀመሪያ የሚቋረጠው መድኃኒት ነው። ድርጅቱ ክሊኒክ ወይም የሕክምና ወጪ ሽፋን ካለው፣ ብዙ ጊዜ የግፊቱም የስኳሩም ክኒን ከዚያ ነው የሚመጣው። የመጨረሻው ደመወዝ ሲከፈል ያ በር ይዘጋል፤ ሰውየው ምንም ስለማይሰማው ሁለት ሦስት ወር ሳይወስድ ይቆያል። ስትሮክ የሚመጣው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ከመውጣትዎ ስድስት ወር በፊት ካርድ አውጥተው በቅርብዎ ባለ ጤና ጣቢያ፣ አለዚያም በድል ጮራ ወይም በሳቢያን ሆስፒታል ክትትል ያስከፍቱ። የሚወስዱትን መድኃኒት ስምና መጠን አስጽፈው ይያዙ፣ የሁለት ወር መድኃኒት ይኑርዎት። ግፊት ሲለኩ አምስት ደቂቃ ዐርፈው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ ክንድዎን በልብ ትክክል አድርገው፣ ሁለት ጊዜ ይለኩ። ሽንት የሚያበዛ የግፊት ክኒን፣ ለምሳሌ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ የሚወስድ ሰው በሙቀቱ ወራት ሲነሳ ከዞረበት መጠኑን ሐኪም ይይለት እንጂ በራሱ አያቁም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጫት ነው፤ በድሬ ይህን ዘሎ ስለ ጡረታ ማውራት አይቻልም። ሥራ ላይ ሳለ የሳምንት መጨረሻ የነበረው በርጫ ጡረታ ሲወጣ የየዕለት ይሆናል፤ ከምሳ በኋላ ተጀምሮ እስከ ማታ ይቀጥላል። ሰዎች የሚፈልጉት ጨዋታውን ነው፣ ጨዋታው ደግሞ በእርግጥ መድኃኒት ነው። ጫቱ ግን ግፊትንና የልብ ምትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አደጋው የሚከፋው ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን ለሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ነው፦ መድኃኒቱን ወስዶ፣ በጫቱ ምክንያት እራት ሳይበላ ይተኛል፤ ሌሊት ስኳሩ ይወርዳል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የተዘበራረቀ ንግግር ከታየ፣ ነቅቶ መዋጥ ለሚችል ሰው ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠው ይስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ይድገሙለት፣ ሲነቃቃ ምግብ ያብሉት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል ይሩጡ። ጫቱን መተው የማይችል ሰው የሚቅምባቸውን ቀናት ያሳንስ፣ በየሰዓቱ ተነስቶ ይንቀሳቀስ፣ እራቱን አይዝለል።

ሦስተኛው እግር ነው። ሰርቪስ ለመያዝ መሄዱ፣ ደረጃ መውጣቱ፣ ፎቅ ለፎቅ መመላለሱ ሳይታወቅ ጡንቻ ያቆይ ነበር። የእግርዎን ጉልበት ለማወቅ ግድግዳ የተደገፈ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው አምስት ጊዜ ይነሱና ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ጡንቻዎ ደክሟል፤ የመውደቅና የመሰበር አደጋም ጨምሯል። መፍትሔው ራሱ ፈተናው ነው፦ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ሁለት ሦስት ዙር፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን። በዚህ ላይ በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም 30 ደቂቃ በሳምንት አምስት ቀን፣ እያወሩ መሄድ እስከሚቻልበት ፍጥነት መራመድ ይጨመርበታል። ሰዓቱ በድሬ ወሳኝ ነው፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል፣ ወይም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ። ለሱብሒ ወይም ለኪዳን በእግሩ የሚሄድ ሰው ግማሹን ሠርቷል፤ መልሱን በከዚራ ዛፎች ሥር አዙሮ ቢመጣ ይሞላለታል። ቁርስ ላይ ፉል ወይም እንቁላል፣ ምሳና እራት ላይ ሽሮ ወይም ምስር ካልጎደለ ጡንቻው የሚሠራበት አያጣም። ልብ ወይም ኩላሊት ታሞ ሐኪም ውኃ ካልገደበ በስተቀር ሳይጠማም መጠጣት ያስፈልጋል፤ በዕድሜ የጥም ስሜት ይደክማልና። የሽንት ቀለም ከጠቆረ ውኃው አንሷል።

አእምሮን በተመለከተ ደግሞ ብዙ መናገር አያሻም፦ የሚቆጥር፣ የሚከራከር፣ ስም የሚያስታውስ ሥራ ይፈልጋል። የዕድሩን ወይም የአፎቻውን (እንደ ዕድር ያለውን መረዳጃ ማኅበር) ሒሳብ መያዝ፣ ወጣት መካኒክን ማሠልጠን፣ ቁርአን ወይም ዳዊት በቃል መያዝ ሁሉ ይጠቅማል። ቴሌቪዥን ማየት አይተካውም። ደስ ይለው የነበረውን ነገር ሁሉ ጠልቶ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሰው ደግሞ ስንፍና ሳይሆን ድብርት ሊሆን ስለሚችል ጤና ባለሙያ ይየው።

ጡረታ የሌላቸው

በቀፊራ ጉሊት የምትቸረችር እናት፣ ጫኝና አውራጁ፣ የቤት ሠራተኛዋ 60 ሲሞላቸው የሚከፈላቸው አበል የለም። ለእነሱ «መቼ ልውጣ» ሳይሆን «ከየትኛው ሸክም ልጀምር» ነው ጥያቄው። መጀመሪያ የሚቀነሰው ክብደት ይሁን፦ አንድ ኩንታል ከመሸከም ለሁለት ከፍሎ መመላለስ፣ ወይም ጋሪ መጋራት። ቀጥሎ የቀትሩ ሰዓት፣ ከ6 እስከ 9 ያለው፣ ለዕረፍት ይተው። መሬት ላይ ተቀምጣ የምትሸጥ ሴት ዝቅ ያለ በርጩማ ብትጠቀም ጉልበቷ ተጣጥፎ አይውልም። ጉልበቱ ካበጠ፣ ሌሊት ካመመ ወይም ደረጃ ሲወርዱ ከከዳ ግን ማስታገሻ እየዋጡ መቀጠል አይገባም። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉት ክኒኖች በየቀኑ ሲወሰዱ ግፊት ይጨምራሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፣ በሙቀት ውኃ ያጣ ኩላሊትንም ይጎዳሉ፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ ያስፈለገው ሰው ግፊቱንና ኩላሊቱን ጤና ጣቢያ ሄዶ ያስለካ።